በድምፅ የሚቀራረቡ፣ በፍቺ የሚራራቁ የእንግሊዝኛ የአዘቦት ቅጽሎች

የእንግሊዝኛ ልቦለድ ወደ አማርኛ ስንመልስ አብዝተው የሚያሳስቱን ረጃጅሞቹ ቃላት አይመስሉኝም። እነዚህን መዝገበ ቃላት ገልጠን እናረጋግጣቸዋለን። የሚያሳስቱን «እናውቃቸዋለን» ብለን የምናልፋቸው አጫጭር የአዘቦት ቅጽሎች ናቸው። በዚህ ጽሑፍ ሦስት ጥንዶችን በምሳሌነት አቀርባለሁ።

የመጀመሪያው «ኒፍቲ» እና «ኒፊ» ነው። የሚለያቸው የ«ት» ድምፅ ብቻ ነው። «ኒፍቲ» በ19ኛው መቶ ዓመት በአሜሪካ የታየ ቃል ሲሆን፣ ብልሃት ያለበትን ወይም ለአጠቃቀም የሚመችን ነገር ያሞግሳል። «ኒፊ» ግን በብሪታንያ የሚከረፋ ማለት ነው። ስለዚህ አንዲት ገጸ ባሕርይ የባሏን ካልሲ «ኒፊ» ስትል ተርጓሚው «ግሩም» ቢላት ነቀፋው ምስጋና ይሆናል።

ሁለተኛው «ዳይሲ» እና «ዲኪ» ነው። «ዳይሲ» ለዕድል ጨዋታ ከሚጣለው ባለ ስድስት ገጽ ጠጠር ስም የወጣ ነው፤ ውጤቱ ያልታወቀ፣ አስጊ ሁኔታን ይገልጻል። «ዲኪ» ደግሞ በብሪታንያ አነጋገር ደካማና አስተማማኝ ያልሆነ ማለት ነው። ስለዚህ «ዲኪ» የተባለ ልብ የታመመ ልብ እንጂ አደጋን የሚደፍር ልብ አይደለም።

ሦስተኛው «ፔኪሽ» እና «ፒኪ» ነው። «ፔኪሽ» ወፍ በመንቆሯ መልቀሟን ከሚያመለክት ግስ የመጣ ሲሆን፣ በብሪታንያ ጥቂት የራበውን፣ በአሜሪካ ግን ነጭናጫንም ይገልጻል። «ፒኪ» መመንመንን ከሚያመለክት የቆየ ግስ ወጥቶ ፊቱ የገረጣን ሰው ያሳያል። እናት ልጇን «ፔኪሽ» ነህ ብትለው ምግብ ልታቀርብለት፣ «ፒኪ» ነህ ብትለው ግን ግንባሩን ልትዳስስ ነው።

ይህ ለአማርኛ ተናጋሪ እንግዳ ነገር አይደለም። «ገና» ሲላላ ጊዜን፣ ሲጠብቅ በዓልን ያመለክታል፤ ፊደሉ ግን አንድ ነው። እኛን ከስሕተት የሚያድነን ዐውዱ ነው። በባዕድ ቋንቋ ግን ዐውዱን በጆሯችን ስለማንይዘው በጥያቄ ልንፈልገው ይገባል፦ ቃሉ ከምን ሥር ወጣ? ተናጋሪው የየት አገር ሰው ነው? ቅጽሉ የሚገልጸው ስም ምንድን ነው? ሦስቱ ሳይመለሱ የድምፅ መመሳሰልን ለፍቺ ምስክር ማድረግ ደራሲው ያላለውን በደራሲው አፍ ማኖር ነው።