የጨጓራ ቁስል ምልክቶችና ሊናቁ የማይገባቸው ማስጠንቀቂያዎች

የሐርጌሳ ከተማ ክፍል በሆነው በኮድቡር፥ እንደ ማናቸውም የንግድ ስፍራ ሁሉ፥ ነጋዴው በመደብሩ ሲውል፥ ሹሙም ጉዳይ ሲያይ ምሳው ያልፈዋል፤ ከሰዓት በኋላም ጫት ረኀቡን ያስረሳዋል። ከእንብርቱ በላይ የሚሰማውን ቃጠሎ «ረኀብ ነው» ብሎ ይተወዋል። ይህ ግምት አንዳንድ ጊዜ እውነት ቢሆንም፥ አንዳንድ ጊዜ ግን ቃጠሎው የጨጓራ ቁስል የመጀመሪያ ምልክት ነው።

ቁስሉ በትንሹ አንጀት መነሻ ላይ የሆነ እንደ ሆነ፥ ሕመሙ ሆድ ባዶ ሲሆን፥ ይልቁንም በሌሊት ይነሣል፤ ምግብ ሲቀመስም ለጊዜው ይበርዳል። በጨጓራው ውስጥ የሆነ እንደ ሆነ ግን ምግብ ራሱ ሊያስነሣው ይችላል። ማቅለሽለሽ፥ የሆድ መነፋትና ቶሎ መጥገብም ይታያሉ። ወተት ቃጠሎውን ለጥቂት ጊዜ ያስታግሣል እንጂ አያድንም፤ ቈይቶ የጨጓራውን አሲድ ያበዛልና።

ቀድሞ የሕመሙ ምክንያት ጭንቀትና በርበሬ ነው ይባል ነበር። ነገር ግን በ1982 እ.ኤ.አ. በአውስትራሊያ በፐርዝ ከተማ ዶክተር ባሪ ማርሻልና ዶክተር ሮቢን ዋረን፥ ሄሊኮባክተር ፓይሎሪ የተባለችውን ተሕዋስ ለይተው አሳደጉ፤ ስለዚህም ሥራ በ2005 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ። ሁለተኛው ዋና ምክንያት አስፕሪን፥ ኢቡፕሮፌንና ዲክሎፌናክን የመሳሰሉ ማስታገሻዎች ናቸው። እንግዲህ ለወገቡ ሕመም እነዚህን በየቀኑ የሚውጥ ሰው፥ አንዱን ሕመም ሲሸኝ ሌላውን ይቀበላል ማለት ነው። ሲጋራም ቁስሉ እንዳይድን ያዘገያል።

ከሁሉ የሚያሠጋው ግን የደም መፍሰስ ነው። ዐይነ ምድር እንደ ሬንጅ ጠቍሮ ሲጣበቅና ክፉኛ ሲሸት፥ ትውከት ደም ወይም የቡና ዝቃጭ ሲመስል፥ ራስ ሲዞር፥ ወይም ድንገት የበረታ ሕመም ተነሥቶ ሆድ እንደ ሳንቃ ሲደርቅ፥ ሌሊትም ቢሆን ሳይነጋ ወደ ሆስፒታል መድረስ ያሻል። የብረት ክኒን የሚውጥ ሰው ዐይነ ምድር ሊጠቍር ቢችልም፥ ፍርዱ የሐኪም ነው። በዕድሜ የገፉና ማስታገሻ የሚያዘወትሩ ሰዎች ምንም ሕመም ሳይሰማቸው ሊደሙ ይችላሉ። ያለ ምክንያት መክሳትና የመዋጥ ችግርም ፈጥኖ መመርመርን ይጠይቃሉ።

ተሕዋሷ በትንፋሽ ወይም በዐይነ ምድር ምርመራ ትታወቃለች፤ ቁስሉም በካሜራ መሣሪያ ይታያል። ተሕዋሷ የተገኘች እንደ ሆነ፥ እንደ ኦሜፕራዞል ያለ አሲድ ቀናሽ መድኃኒት ከጸረ ተሕዋስያን ጋር፥ አብዛኛውን ጊዜ ለ14 ቀናት ይታዘዛል። ሕመሙ በ3ኛው ቀን ስለ በረደ መድኃኒቱን ማቋረጥ ተሕዋሷን ያጸናታልና፥ በሽተኛው የታዘዘለትን እስከ መጨረሻው ሊፈጽም ይገባዋል።