ዒላማቸውን የሳቱ መድኃኒቶች

የሰውነታችን ፕሮቲኖች በዋናነት የሚገነቡት ከ20 አሚኖ አሲዶች ነው። የመድኃኒት ኬሚስቶች ግን በእነዚህ አልተወሰኑም፤ የተፈጥሮውን አሚኖ አሲድ አንድ ጎን ለውጠው፣ ሰውነት የራሴ ነው ብሎ የሚያስገባው አዲስ ሞለኪውል ይሠራሉ። ስለ ሙያው የሚወራው ኬሚስቱ አስቀድሞ ዒላማውን እንደሚመርጥና ለእርሱ የሚስማማ መድኃኒት እንደሚቀርጽ ነው። ማስረጃው ሲታይ ግን ከታወቁት መድኃኒቶች በርከት ያሉት የሠሩት ባልታሰበ መንገድ ነው። የሪቻርድ ሲልቨርማን የምርምር ሕይወት ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1976 ኖርዝዌስተርን ዩኒቨርሲቲ የገቡት እኚህ አሜሪካዊ ኬሚስት ለዓመታት ያጠኑት ጋባን፣ ማለትም የአንጎል ነርቮችን የሚያረግበውን አሚኖ አሲድ፣ የሚሠሩና የሚያፈርሱ ኢንዛይሞችን ነው። ጋባ ራሱ ከደም ወደ አንጎል እንደ ልብ ስለማያልፍ፣ የሚጥል በሽታ ላለበት ሰው በክኒን ቢሰጥ እምብዛም አይረባም። በ1980ዎቹ መጨረሻ ከፖላንድ የመጡት ሪሻርድ አንድሩሽኪየቪች በሲልቨርማን ቤተ ሙከራ በጋባ ሦስተኛ ካርቦን ላይ የተለያዩ ቅርንጫፎችን እየቀጠሉ ተከታታይ ሞለኪውሎች ሠሩ፤ ሐሳቡ ጋባን የሚያመርተውን ኢንዛይም ማነቃቃት ነበር። ከመካከላቸው አንዱ የአይጦችን መንቀጥቀጥ አስቆመ። ዛሬ ፕሪጋባሊን የሚባለውና በ2004 በአሜሪካ የተፈቀደው መድኃኒት ይህ ነው። ኋላ ሲጣራ ግን የሚሠራው በኢንዛይሙ በኩል ሳይሆን፣ የነርቭ ሴል የካልሲየም መተላለፊያ አካል በሆነ ፕሮቲን ላይ ተጣብቆ ነው።

ታዲያ ይህ ዕድል እንጂ ሳይንስ ነው ወይ የሚል ይኖራል። ዕድል የለበትም ማለት አይቻልም። ሆኖም ሞለኪውሉ አንጎል የደረሰው በዕድል አይደለም፤ የአሚኖ አሲድ ቅርጹን ስለያዘ፣ ሉሲን የተባለውን አሚኖ አሲድ የሚያመላልሰው ተሸካሚ እርሱንም ያሳልፈዋል። ጉዳዩ የአንድ ሰው ገጠመኝም አይደለም። ሜቲልዶፓ የተወጠነው አንድ ኢንዛይም እንዲያግድ ነበር፤ የደም ግፊትን የሚቀንሰው ግን በዋናነት ሰውነት ራሱ አንጎል ውስጥ ወደ ሌላ ንጥረ ነገር ስለሚለውጠው ነው። አገራችንን ጨምሮ በብዙ አገሮች ለነፍሰ ጡሮች የሚታዘዘው ይኸው መድኃኒት ነው። ኢፍሎርኒቲን በበኩሉ ለካንሰር ታስቦ፣ በ1990 በምዕራብና በመካከለኛው አፍሪካ ለሚገኘው የእንቅልፍ በሽታ ተፈቀደ፤ ወደ ካንሰር የተመለሰው በ2023 ነው፣ ያውም ኒውሮብላስቶማ ለተባለው የሕፃናት ዕጢ።

የበረታው ተቃውሞ ቪጋባትሪን ነው። ይህ ጋባ መሰል መድኃኒት ጋባን የሚያፈርሰውን ኢንዛይም እንዲያመክን ታቅዶ፣ በታቀደው መሠረት ያመክናል። እንግዲህ ትክክለኛ ውጥን ይቻላል፤ ይህን መካድ አይገባም። ግን ዒላማውን የመታው ይህ መድኃኒት የእይታን ዳርቻ ለዘለቄታው ሊያጠብ ስለሚችል፣ ሐኪሞች የሚያዙት በብዙ ጥንቃቄ ነው። ሲልቨርማንም ከፕሪጋባሊን ዝናና ገንዘብ በኋላ ወደዚሁ ኢንዛይም ተመልሰው፣ በጥቂት መጠን የሚያመክኑትን ሞለኪውሎች ሲሠሩ ቆይተዋል።