አረንጓዴው ሻርፕና የዱቤ መዝገብ

በዚህ ጋዜጣ ዘወትር ስለ ቀረጥ፣ ስለ ጭነትና ስለ ዋጋ ስንነጋገር ቆይተን፣ ዛሬ ስለ አንድ ቀልደኛ ፊልም ልጽፍ መነሣቴን በትዕግሥት እንድትመለከቱልኝ እለምናለሁ። ፊልሙ ስለ ገበያና ስለ ዕዳ የሚናገር ስለ ሆነ ከሙያችን የራቀ አይደለም።

ባለፈው እሑድ ማታ ከእኅቴ ልጅ ጋር የተመለከትሁት ይህ ፊልም «ኮንፌሽንስ ኦፍ ኤ ሾፓሆሊክ» ይባላል፤ ትርጓሜውም «የግዢ ሱሰኛ ኑዛዜ» ማለት ነው። እንግሊዛዊቷ ደራሲ ሶፊ ኪንሴላ ከጻፏቸው ልብ ወለዶች ተወስዶ፣ በፒ. ጄ. ሆጋን አዘጋጅነት በ2009 እ.ኤ.አ. ለሕዝብ ቀረበ። ደራሲዋም ቀድሞ የገንዘብ ጉዳይ ጋዜጠኛ ስለ ነበሩ የሚጽፉትን ነገር ያውቁት ነበር።

ባለታሪኳ ርብቃ ብሉምውድ በኒው ዮርክ የምትኖር ወጣት ጋዜጠኛ ናት። በሱቅ መስኮት አጠገብ ባለፈች ቁጥር ልብስ የለበሱት ምስሎች ነፍስ ዘርተው «ነዪ ግቢ» የሚሏት ይመስላታል። አንድ ቀን አረንጓዴ ሻርፕ ልትገዛ ስትል፣ ጥሬ ገንዘቧንና የባንክ ካርዶቿን ሁሉ አዳርሳ 20 ዶላር ጎደላት። ወደ መንገድ ወጥታም ለቋሊማ ሻጩ፣ ቼክ ተቀብሎ መልሱን በጥሬ ገንዘብ ቢሰጣት ቋሊማውን በሙሉ እንደምትገዛው ነገረችው፤ ሻርፑም ለታመመች አክስቷ ነው ብላ ዋሸች። ሻጩ እምቢ ሲል በአጠገቡ የቆመ ሰው 20 ዶላሩን ሰጣት። ይህ ሰው ሉክ ብራንደን፣ ኋላ ሥራ ለመጠየቅ የምትሄድበት የቁጠባ መጽሔት አዘጋጅ ሆኖ ተገኘ። እንግዲህ የራሷን ገንዘብ መያዝ ያቃታት ልጅ ለሕዝብ ስለ ገንዘብ አያያዝ መምከር ጀመረች፤ ፍቅሩም ሣቁም የሚመነጨው ከዚህ ነው።

ብዙ ተቺዎች ፊልሙን ነቅፈውታል። እኔ ግን ደስ እያለኝ ተመለከትሁት። ዴሬክ ስሚዝ የተባለው ዕዳ ሰብሳቢ ባሳደዳት ጊዜ ርብቃ፣ የቀድሞ ወዳጄ ነው፤ አልለቅ ብሎኝ ነው ብላ ለሉክ ትዋሻለች። በመጨረሻ ግን ሰውየው በቴሌቪዥን በሕዝብ ፊት ዕዳዋን ሲገልጥባት የሉክን እምነት አጣች። አባቷ የሽርሽር መኪናቸውን ሸጠው ሊከፍሉላት ቢነሡም፣ ሠርተውና ቆጥበው ያገኙት ንብረት ነውና አይሆንም አለች። ልብሷንም ሻርፑንም በጨረታ ሸጣ ዕዳዋን ከፈለች፤ ለዴሬክ ስሚዝም ገንዘቡን በሳንቲም አዝርፋ ሰጠችው።

በዚህ ጊዜ የእኅቴ ልጅ ከሣቋ ብዛት እንባዋን ስትጠርግ እኔ ዝም አልሁ። በአሠሪዬ መደብር የዱቤውን መዝገብ የምይዘው እኔ ነኝና።

11 ዓመት ያህል ከእኛ ሲገዙ የኖሩ አንዲት እመቤት ነበሩ። ለልጃቸው ሠርግ ጨርቅ በዱቤ ወሰዱ፤ መጋረጃም ምንጣፍም ጨመሩ። እኛም «እርስዎ እኮ ቤተኛ ነዎት» እያልን ጻፍንላቸው። ቀኑ ባለፈ ጊዜ ሦስት ደብዳቤ ላክሁባቸው፤ ሦስተኛው መራራ ነበር። በማግሥቱ ገንዘቡ ሳይጎድል በልጃቸው እጅ መጣ። እሳቸው ግን ከዚያ ወዲህ ደጃፋችንን አልረገጡም፤ ከሩቅ ሲያዩኝም መንገድ ተሻግረው ያልፋሉ። ገንዘባችንን አገኘን፤ ደንበኛችንን ግን አጣን። ምንጣፉን ሲያነሡ «ይህ ለጊዜው ይቆይ» የሚል አንድ ሰው ከመካከላችን ቢገኝ ኖሮ፣ ያን ደብዳቤ መጻፍ ባላስፈለገኝም ነበር።

የዕዳ ጥፋት በባለዕዳው ላይ ብቻ እንደማይጣል ትልልቆቹ አገሮችም ተረድተዋል። ፊልሙ የታየው ሌማን ብራዘርስ የተባለው ታላቅ ባንክ በሴፕቴምበር 2008 እ.ኤ.አ. ከከሠረ ከአምስት ወር በኋላ ነበር። በዚያው በ2009 በሜይ ወር ፕሬዚዳንት ባራክ ኦባማ ስለ ባንክ የብድር ካርድ የወጣውን ሕግ ፈረሙ። በዚህም ሕግ መሠረት አበዳሪው በየወሩ በሚልከው የሒሳብ መግለጫ ላይ፣ ባለዕዳው ዝቅተኛውን ክፍያ ብቻ ቢከፍል ዕዳው በስንት ጊዜ እንደሚያልቅ እንዲጽፍ ተገደደ። ዕድሜያቸው 21 ዓመት ላልሞላ ወጣቶችም መክፈል መቻላቸው ሳይረጋገጥ ወይም ዋስ ሳይጠሩ ካርድ እንዳይሰጥ ተከለከለ።

ይህን ስል ሁሉም «ዱቤ ክልክል ነው» የሚል ሰሌዳ ይስቀል ማለቴ አይደለም፤ ያለ ዱቤ ንግድ እንደማይራመድ አስመጪውም ቸርቻሪውም ያውቀዋል። ነገር ግን ሕግ ሳያስገድደን፣ ዕቃው ከመደርደሪያው ሳይወርድ፣ ዕዳው ምን ያህል እንደሚሆንና መቼ እንደሚከፈል ለደንበኛችን በግልጥ ብንነግረው፣ ኋላ ከምንጽፈው መራራ ደብዳቤ ይሻላል። ሰዓት ካገኛችሁም ፊልሙን ከቤተ ሰባችሁ ጋር ተመልከቱት፤ ከሣቃችሁ በኋላ መዝገባችሁን ገልጣችሁ፣ በደጃችሁ ማለፍ የተወው ማን እንደ ሆነ እዩ።