አሾካ በድንጋይ ላይ ያስቀረጸው ትእዛዝ

ከክርስቶስ ልደት በፊት በሦስተኛው መቶ ዓመት የህንድን አገር አብዛኛውን ክፍል ይገዛ የነበረው ንጉሥ አሾካ፥ በምሥራቁ ባሕር ጠረፍ የምትገኘውን ካሊንጋን በጦር ኃይል አስገበረ። ነገር ግን እንደ ነገሥታት ልማድ በድሉ አልፎከረም። 100,000 ሰው በውጊያ እንደ ተገደለ፥ 150,000 ሰው ከአገሩ እንደ ተጋዘ፥ እርሱም ስለዚህ እንደ ተጸጸተ በድንጋይ ላይ አስቀረጸ።

ይህ የጸጸት ቃል በልዩ ልዩ ስፍራ ሲገኝ፥ በካሊንጋ ምድር ግን አልተጻፈም። በዚያ ዳውሊ በተባለው ስፍራ የተቀረጸው ለሹማምንት የተሰጠ ትእዛዝ ነው። ሰው ያለ በቂ ምክንያት እንዳይታሰርና እንዳይንገላታ፥ ፈራጅም ከቅናት፥ ከቁጣ፥ ከችኮላና ከስንፍና እንዲርቅ ያዝዛል። ትእዛዙም፥ ሰሚው አንድ ሰው ብቻ ቢሆን እንኳ፥ በተወሰነው ቀን እንዲነበብ ተደንግጓል።

ከዘመን ብዛት የተነሣ ፊደሉ ተረሳ። በ1837 እ.ኤ.አ. ጄምስ ፕሪንሴፕ የተባለው እንግሊዛዊ ምሥጢሩን እስኪፈታው ድረስ ድንጋዩ ዲዳ ሆኖ ኖረ። ነጻይቱ ህንድም በ1950 እ.ኤ.አ. በሳርናት ከተገኘው የአሾካ ዓምድ ላይ የአንበሶቹን ምስል ወስዳ የመንግሥቷ ዓርማ አደረገችው።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፤ ካሊንጋ የተሸነፈችው በአንድ ጦርነት ነው፤ የሕዝቧ ፍትሕ ግን የሚጠበቀው በየዕለቱ በሹሙ እጅ ነበር። የንጉሡ ጸጸት ለድኻው የሚደርሰው፥ ጉዳዩን የያዘው ሹም ሳይቆጣና ሳይታክት የሰማው እንደ ሆነ ብቻ ነው።