ለንግድ ቤትና ለመጋዘን የሚሆን የኤል.ኢ.ዲ. መብራት አመራረጥ

በምዕራብ ጎጃም፥ በተለይም በቡሬና በፍኖተ ሰላም ከተሞች፥ ለሱቁ ወይም ለመጋዘኑ አምፖል የሚገዛ ነጋዴ ብዙውን ጊዜ የሚጠይቀው ሁለት ነገር ነው፤ ይኸውም ዋጋው ስንት እንደ ሆነና ስንት ዋት እንደ ሆነ ነው። ሁለቱም ተገቢ ጥያቄዎች ናቸው። ነገር ግን በርበሬ፥ ጨርቅ ወይም ሥጋ ለሚሸጥ ሰው ከሁለቱም የሚበልጥ ሦስተኛ ጥያቄ አለ፤ እርሱም አምፖሉ የዕቃውን ቀለም በትክክል ያሳያል ወይስ አያሳይም የሚለው ነው።

በመጀመሪያ ስለ ወጪው። ከመስከረም 1 ቀን 2017 ዓ.ም. ጀምሮ የኤሌክትሪክ ታሪፍ በአራት ዓመት ውስጥ በየሦስት ወሩ ከፍ እንዲል ስለ ተወሰነ፥ የመብራት ሒሳብ እንደ ቀላል ወጪ የሚታለፍ አይደለም። በውስጡ ያለው ቀጭን ሽቦ ግሎ የሚያበራው የቀድሞው ባለ 60 ዋት አምፖል የሚሰጠው ብርሃን ከ700 እስከ 800 ሉመን ያህል ነው፤ ከሚወስደው ኃይል አብዛኛው ሙቀት ሆኖ ይቀራል። ይህንኑ ያህል ብርሃን ኃይል ቆጣቢ የሚባለው ጥምዝ አምፖል በ14 ዋት፥ ኤል.ኢ.ዲ. ደግሞ በ9 ዋት ገደማ ይሰጣል። አሥራ ሁለት አምፖል ያለው ሱቅ በቀን አምስት ሰዓት ቢያበራ፥ በ30 ቀን ውስጥ በቀድሞው አምፖል 108፥ በኃይል ቆጣቢው 25፥ በኤል.ኢ.ዲ. 16 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ይፈጃል። ባለሱቁ ልዩነቱን በቢሉ ላይ በተመለከተው ዋጋ ቢያባዛው የሚቀርለትን ገንዘብ ያውቃል።

ከዚህ ስሌት እንደሚታየው፥ ሻጮች ከሰማንያ በመቶ በላይ ይቆጥባል የሚሉት ኤል.ኢ.ዲ.ን ከቀድሞው አምፖል ጋር ሲያነጻጽሩ ነው። ቀድሞ ወደ ኃይል ቆጣቢው የተዛወረ ሱቅ ግን በወር የሚያተርፈው 9 ኪሎዋት ሰዓት ብቻ ስለ ሆነ፥ የሚሠራውን አምፖል ቸኩሎ የሚጥልበት ምክንያት የለም፤ ሲቃጠል መለወጥ ይበቃዋል። ትልቁ ጥቅም የሚገኘው የቀድሞው አምፖል እስከ ዛሬ በቀረበት ቤት፥ እንዲሁም ረጃጅሙ የፍሎረሰንት መብራት ቀኑን ሙሉ በሚበራበት መጋዘን ነው። ባለ 36 ዋቱ ፍሎረሰንት ከአሮጌ ባላስቱ ጋር 45 ዋት ያህል ሲወስድ፥ በቦታው የሚገባው ኤል.ኢ.ዲ. 18 ዋት ይበቃዋል።

አሁን ወደ ቀለሙ ነገር እንመለስ። ነጭ ብርሃን የሚሰጠው ኤል.ኢ.ዲ. በመሠረቱ ሰማያዊ ብርሃን የሚያወጣ ጥቃቅን አካል ሆኖ፥ በላዩ የተቀባው ቢጫ ዱቄት የብርሃኑን ከፊል ስለሚለውጠው ለዓይን ነጭ ይመስላል። ሰማያዊውን ኤል.ኢ.ዲ. የሠሩት አካሳኪ፥ አማኖና ናካሙራ በ2014 እ.ኤ.አ. የፊዚክስ የኖቤል ሽልማት ተቀብለዋል። ዱቄቱ ርካሽ ሲሆን የብርሃኑ ደማቅ ቀይ ክፍል ይጎድላል። ከዚህም የተነሣ የቡሬ በርበሬ፥ ቅላቱ ዋጋውን የሚወስነው ዕቃ፥ በእንዲህ ያለ መብራት ሥር ቡናማና የደበዘዘ መስሎ ይታያል። ገዢው ዋጋ ሲቀንስ ጥፋቱ የአምፖሉ እንጂ የበርበሬው አይደለም። አባካኙ የቀድሞው አምፖል ቀዩን በማሳየት ረገድ ከብዙዎቹ ርካሽ ኤል.ኢ.ዲ.ዎች ይሻል ነበር።

ስለዚህ በካርቶኑ ላይ ሲ.አር.አይ. ወይም አር.ኤ. የሚለው ቁጥር ይፈለግ። ለተራ ሱቅ 80 ይበቃል፤ ለበርበሬ፥ ለጨርቅና ለሥጋ 90 ይመረጣል። 80 የተጻፈበት አምፖል በደማቁ ቀይ ቀለም መለኪያ፥ በአር 9፥ ከዜሮ ብዙም ላይርቅ ይችላል። በኬልቪን የሚጻፈው ሌላ ነገር ነው፤ 2700 ወደ ቢጫ፥ 6500 ወደ ሰማያዊ ያደላል፥ 4000 በመካከል ነው። ብዙ ባለሱቆች 6500ውን የሚመርጡት የሚያበራ ስለሚመስላቸው ነው፤ የብርሃኑ ብዛት ግን የሚታወቀው በሉመን ብቻ ነው።

በምሽት የኤሌክትሪኩ ጉልበት የሚወርድበት፥ ከጠፋም በኋላ በድንገት የሚመለስበት ቦታ ሁሉ አምፖሉ ሰፊ የቮልት ክልል የሚችል፥ ለምሳሌ ከ100 እስከ 240 የሚል፥ ቢሆን ይመረጣል። በካርቶኑ ላይ 25,000 ሰዓት ቢጻፍም፥ ኤል.ኢ.ዲ.ን የሚገድለው ሙቀት ነው፤ አየር በማይገባበት ብርጭቆ ውስጥ ወይም ከጋለ ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር የተሰቀለ አምፖል ከተባለው ጊዜ ቀድሞ ይደክማል። ለወፍጮ ቤትና ለእህል መጋዘን ደግሞ አቧራ የማያስገባ፥ አይ.ፒ. 65 የተጻፈበት መብራት ያስፈልጋል።

አስመጪ የሆነ ሰው ከፋብሪካው ጋር ከመዋዋሉ በፊት ስለ ደኅንነቱ በአይ.ኢ.ሲ. 62560፥ ስለ አሠራሩ በአይ.ኢ.ሲ. 62612 የተደረገውን የምርመራ ወረቀት ይጠይቅ። ከ2022 እ.ኤ.አ. ወዲህ በዓለም አቀፉ የጉምሩክ ዝርዝር የኤል.ኢ.ዲ. አምፖል ቁጥር 8539.52 ነው። ባለሱቁ ግን ቀላል ፈተና አለው፤ አንድ አምፖል ብቻ ገዝቶ በምሽት ያብራ፥ ቀን በፀሐይ ያየውን በርበሬ ወይም ጨርቅ ከሥሩ ያኑር፥ መብራቱንም በስልክ ካሜራ ይመልከተው። ጥቁር መስመሮች በስልኩ ላይ ከተመላለሱ አምፖሉ ይርገበገባል ማለት ነው፤ ደርዘኑን ሳይገዛ ሌላ ይፈልግ።

መስመር ባልደረሰበት ገጠር ኩራዝን ትቶ በፀሐይ ኃይል የሚሠራ መብራት ለሚያቀርብ ነጋዴ አንድ ማሳሰቢያ አለ። ባለ 12 ቮልቱ የባትሪ አምፖልና ባለ 220ው አንገታቸው አንድ ዓይነት ሊሆን ስለሚችል፥ በአንድ መደርደሪያ ላይ ተደባልቀው አይቀመጡ። የፊተኛው በከተማ መስመር ላይ ቢገባ ወዲያው ይቃጠላል፤ የኋለኛውም በባትሪ አይበራም፥ ገበሬውም ተበላሽቷል ብሎ ረጅም መንገድ ተጉዞ ሊመልሰው ይመጣል።