ለጋይንት፣ ለስማዳና ለእስቴ የሚስማማ የኪስ ካሜራ

የኪስ ካሜራ የሚባለው ሌንሱ ከአካሉ የማይነቀል፣ ሲጠፋ አብዛኛውን ጊዜ ሌንሱን ወደ ውስጥ የሚሰበስብ፣ ክብደቱም ከነባትሪው ከ200 እስከ 320 ግራም አካባቢ የሆነ ዲጂታል ካሜራ ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 በዓለም ገበያ ከ120 ሚሊዮን በላይ ዲጂታል ካሜራዎች ቀርበው የነበረ ሲሆን፣ ከዚያ ወዲህ ስማርት ስልክ የርካሽ ካሜራን ቦታ ስለወሰደ አምራቾች ብዙዎቹን ሞዴሎች ትተው ጥቂት የተሻሉትን ብቻ ማውጣት ቀጥለዋል። በላይ ጋይንት፣ በታች ጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ግን የብራና መጻሕፍትን መልክ ለማስቀረት የሚሻ የአብነት መምህር፣ የእርከን ሥራን ከዓመት ዓመት የሚመዘግብ የግብርና ባለሙያ፣ ለበዓል ወላጆቹን ሊጠይቅ ከአዲስ አበባ የሚመጣ ልጅ፣ ሁሉም ከስልክ የተሻለ፣ ከትልቅ ካሜራ ደግሞ የቀለለ መሣሪያ ሊያስፈልጋቸው ይችላል። በእነዚህ ወረዳዎች ካሜራ ሲመረጥ፣ በጨለማ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ምን ያህል ብርሃን ይሰበስባል፣ የኤሌክትሪክ መስመር ባልደረሰበት ቀበሌስ ባትሪው በምን ይሞላል የሚሉት ሁለት ጥያቄዎች፣ በሱቅ ውስጥ ሁልጊዜ ቀድመው ከሚነሡት ከሜጋፒክስልና ከዙም ሊቀድሙ ይገባል።

በዚህ አካባቢ ታሪክ ውስጥ የካሜራ ክብደትና የብርሃን ጉዳይ ረጅም ዕድሜ አለው። ዐፄ ቴዎድሮስ እ.ኤ.አ. በ1867 መገባደጃ ከደብረ ታቦር ተነሥተው ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ በጋይንት በኩል ወደ መቅደላ ሲያስጎትቱ፣ ከቀይ ባሕር ጠረፍ ተነሥቶ ከበሽሎ ወንዝ ማዶ የደረሰው የእንግሊዝ ጦር ከመሐንዲሶቹ ክፍል የተውጣጡ ፎቶግራፍ አንሺዎችን አስከትሎ ነበር። በዚያ ዘመን ፎቶግራፍ ለማንሳት መስታወት ላይ ኮሎዲዮን የተባለ ፈሳሽ ቀብቶ፣ ፈሳሹ ሳይደርቅ ምስሉን አንስቶ፣ እዚያው በጨለማ ድንኳን ውስጥ ማጠብ ግድ ስለነበር፣ መስታወቱ፣ ኬሚካሉ፣ ውኃውና ድንኳኑ ሁሉ በጭነት እንስሳ ይጓዝ ነበር። የዛሬው የኪስ ካሜራ ያን ሁሉ ጭነት ቢያስቀርም፣ ምስልን የሚሠራው ዛሬም ብርሃን በመሆኑ ጨለማ ቦታ ዛሬም ፈተና ነው።

ለዚህ ፈተና በጋይንት ከቤተልሔም የተሻለ ምሳሌ አይገኝም። ቤተልሔም የድጓ ማስመስከሪያ ናት፤ ይህም ማለት ድጓ የተባለውን የዜማ መጽሐፍ በየአገሩ የተማረ ደቀ መዝሙር ወደዚያ መጥቶ ዕውቀቱን በሊቃውንቱ ፊት አረጋግጦ፣ ለማስተማር የሚያበቃውን ምስክርነት የሚቀበልባት ጉባኤ ናት። ቶማስ ፓኬንሃም የተባለው ጸሐፊ እ.ኤ.አ. በ1955 ወደ ስፍራው ሲደርስ ከውጭ የታየው ክብ የሣር ክዳን ቤት ሲሆን፣ ከክዳኑ ሥር ግን በመካከለኛው ዘመን በድንጋይ የታነጸ አራት ማዕዘን ቤተ ክርስቲያን ተሸሽጎ አገኘ። በዚህ ዓይነት ሕንፃ ውስጥ፣ በውጩ ክዳንና በውስጡ ግድግዳ መካከል የቆመ ሰው ዓይኑ ጨለማውን ከለመደ በኋላ የግድግዳውን ሥራ ለይቶ ሊያይ ይችላል፤ ተራ ካሜራ ግን ያንኑ ሲያነሳ የሚያስቀረው አብዛኛውን ጊዜ የደበዘዘና ነጠብጣብ የሞላበት ምስል ነው።

የዚህ ምክንያቱ ሁለት ነው። የመጀመሪያው የሌንሱ ቀዳዳ ስፋት ሲሆን፣ ይህም ኤፍ በሚል ፊደል በተቀደመ ቁጥር ይገለጻል፤ ቁጥሩ ባነሰ መጠን ቀዳዳው ይሰፋልና፣ ሰፊ መስኮት ያለው ቤት የበለጠ ብርሃን እንደሚያገኝ ሁሉ ኤፍ 1.8 የሆነ ሌንስ ኤፍ 3.5 ከሆነው ወደ አራት እጥፍ የሚጠጋ ብርሃን ያስገባል። ሁለተኛው ሴንሰር የተባለው፣ በቀድሞው ካሜራ የነበረውን የፊልም ቦታ የያዘው ብርሃን ተቀባይ ሰሌዳ ነው። በርካሽ የኪስ ካሜራዎች ውስጥ ያለው ሰሌዳ ወርዱ 6.2፣ ቁመቱ 4.6 ሚሊ ሜትር ገደማ ሲሆን፣ በገበያ አንድ ኢንች የሚባለው ግን 13.2 በ8.8 ሚሊ ሜትር ስለሆነ በስፋት አራት እጥፍ ይበልጣል። ሁለቱ ብልጫዎች ሲባዙ ልዩነቱ ወደ 15 እጥፍ ይደርሳል፤ ስለዚህ ትንሿ ካሜራ ሩብ ሰከንድ የሚፈጅባትን ምስል ሰፊ ቀዳዳና ሰፊ ሰሌዳ ያላት ካሜራ በሰከንድ አንድ ስልሳኛ ገደማ በተመጣጣኝ ጥራት ታነሳለች። ሩብ ሰከንድ ሙሉ የሰው እጅ ሳይንቀጠቀጥ አይቆይም፤ በአንድ ስልሳኛ ሰከንድ ግን ትንፋሹን የያዘና ክርኑን ከጎኑ ያስጠጋ ሰው ጥርት ያለ ምስል ያገኛል።

ሜጋፒክስል የሚባለው ምስሉ የተሠራባቸው ነጥቦች ብዛት በሚሊዮን ሲቆጠር ነው። ሶኒ እ.ኤ.አ. በ2012 ያወጣው አር.ኤክስ.100 እና ካኖን በ2018 ያወጣው ኤስ.ኤክስ.740 ሁለቱም 20 ሜጋፒክስል ተብለው ይሸጣሉ፤ የሁለተኛው ነጥቦች ግን በአራት እጥፍ በጠበበ ሰሌዳ ላይ ተጨናንቀው የተቀመጡ በመሆናቸው በጨለማ ውስጥ የሚሰጡት ምስል እኩል ሊሆን አይችልም። ሃያ ሚሊዮን ነጥብ ለብራና ሥራ ይበቃል። የምስሉ ረጅም ጎን ወደ 5,470 ነጥብ ስለሚይዝ፣ ቁመቱ 36 ሴንቲ ሜትር የሆነ የድጓ ገጽ ምስሉን ሞልቶ ሲነሳ ለእያንዳንዱ ሴንቲ ሜትር 150 ያህል ነጥብ ይደርሰዋል። በድጓ ላይ ከንባቡ መስመር በላይ በደቂቅ ፊደል የሚጻፉት የዜማ ምልክቶች የመጽሐፉ ነፍስ ናቸውና፣ ቁመቷ 2 ሚሊ ሜትር የሆነች ምልክት በ30 ነጥብ ስትሣል በግልጽ ትነበባለች። ሁለቱ ትይዩ ገጾች ባንድ ላይ ከተነሡ ግን ነጥቡ ለሰፊ ቦታ ስለሚከፋፈል፣ ገጽ በገጽ ማንሳት ጊዜ ቢወስድም የተሻለ ነው።

የማንሻው ርቀትም ሊታሰብበት ይገባል። ካሜራው ወደ ብራናው በጣም ተጠግቶ በሰፊው እይታ ሲያነሳ የገጹ ጠርዝ ይጎብጣል፣ የአንሺው ጥላም ንባቡ ላይ ያርፋል። ከአንድ ሜትር ያህል ርቆ ሌንሱን በዙም፣ በፊልም ካሜራ ልኬት እስከ 100 ሚሊ ሜትር ማስረዘም መስመሮቹን ቀጥ አድርጎ ያስቀራል፤ በአር.ኤክስ.100 ግን ሌንሱ በዚህ መጠን ሲረዝም ቀዳዳው ወደ ኤፍ 4.9 ስለሚጠብ፣ ብራናው በበር አጠገብ፣ ከጎን በሚመጣ የቀን ብርሃን ሊቀመጥና ካሜራውም በባለሦስት እግር ማቆሚያ ሊደገፍ ይገባል። ፍላሽ ማጥፋት የግድ ነው። የብራናው ገጽ ስለሚያንጸባርቅ ፍላሹ በመካከሉ ነጭ ነቁጥ ይጥላል፣ የቀለሙንም እውነተኛ መልክ ይለውጣል፤ ከሁሉም በላይ በቤተ ክርስቲያን ውስጥ ለሚጸልዩት ሁከት ነው።

እ.ኤ.አ. በ1973 የተጀመረውና ኢ.ኤም.ኤም.ኤል. በሚል አጭር ስም የሚታወቀው የኢትዮጵያ ብራናዎች የማይክሮፊልም ሥራ ከ8,000 በላይ መጻሕፍትን ከጥፋት ያተረፈ ታላቅ አገልግሎት ሲሆን፣ ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌን የመሰሉ ሊቅ ዕድሜያቸውን የሰጡለት የካታሎግ ሥራም የተመሠረተው በእርሱ ላይ ነው። ያ ፊልም ግን ጥቁርና ነጭ ስለነበር፣ በቀይ የተጻፈው የቅዱሳን ስም፣ የበዓል ርእስና የምዕራፍ መነሻ ከጥቁሩ ንባብ በቀለም አይለይም። ዛሬ አንድ የአብነት መምህር በኪሱ በሚይዘው ካሜራ ይህን ጉድለት መሙላት ይችላል፤ ይህ ዕድል የሚያስደስት ብቻ ሳይሆን የሚያስቸኩልም ነው፣ ምክንያቱም ምስጥ፣ የጣሪያ ፍሳሽና እሳት ቀን አይጠብቁም።

ስለ ዙም ብዙ ማለት አያስፈልግም። ከስማዳ አፋፍ ቆሞ የዓባይን ሸለቆ ለሚያነሳ ሰው አርባ እጥፍ የሚያቀርብ ሌንስ ቢያጓጓም፣ በበጋ በሸለቆው ላይ የሚያንዣብበው ጭጋግና አቧራ ርቀቱ በጨመረ ቁጥር ምስሉን ስለሚያጠወልገው ጥቅሙ ውስን ነው። በስልክ ላይ የሚታየው ዲጂታል ዙም ደግሞ በአብዛኛው ያለውን ምስል ቆርጦ ማስፋት እንጂ ማቅረብ አይደለም። የዘመኑ ውድ ስልኮች በሒሳብ ስሌት ጥሩ የምሽት ምስል ይሰጣሉ፤ ስሌቱ ግን ነጠብጣብን ሲያጠፋ ደቃቁን የዜማ ምልክትም አብሮ ሊያለሰልሰው ይችላል። ስለዚህ ለብራና ሥራ ካሜራው ያየውን ሳይጨምርና ሳይቀንስ የሚያኖረውን፣ ጥሬ ፋይል የሚባለውን ዓይነት መመዝገብ የሚችል መሆኑ ከዙሙ ርዝመት ይበልጥ ይጠቅማል።

የባትሪው ነገር በከተማ እንደ ዋዛ ቢታለፍም በገጠር ካሜራውን ከጥቅም ውጭ ሊያደርግ ይችላል። አንዳንዱ ሞዴል ባትሪው ወጥቶ ግድግዳ ላይ በሚሰካ የራሱ ቻርጀር ብቻ ስለሚሞላ መብራት ከሌለ ይቆማል፤ ሌላው ግን እንደ ስልክ በዩ.ኤስ.ቢ. ገመድ ስለሚሞላ የሶላር መብራት ወይም ፓወር ባንክ ይበቃዋል። አር.ኤክስ.100፣ የካኖን ጂ7 ኤክስ ማርክ 2 እና የሪኮ ጂ.አር. 3 በዩ.ኤስ.ቢ. ይሞላሉ፤ በአንድ ሙሌት አንደኛው 330፣ ሁለተኛው 265፣ ሦስተኛው 200 ያህል ምስል እንደሚያነሱ አምራቾቹ ይገልጻሉ። ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍ በሚለው በጉና ተራራ፣ ጅብራ በሚበቅልበት ውርጭ፣ ይህ ቁጥር በግልጽ ስለሚቀንስ ትርፍ ባትሪን ከጋቢ ሥር፣ ከገላ አጠገብ መያዝ ያስፈልጋል። ከዚያ ወርዶ ምድጃ የነደደበት ቤት የሚገባ ሰውም ካሜራውን ወዲያው ከቦርሳ ማውጣት የለበትም፤ በቀዘቀዘው ሌንስ ላይ ጤዛ ስለሚቋጥር፣ ቦርሳው ውስጥ እንዳለ ቀስ ብሎ እንዲሞቅ መተው ይሻላል።

የሚወጣና የሚገባ ሌንስ ያለው ካሜራ ሁሉ አቧራ ወደ ውስጥ ይስባል፣ ሰሌዳው ላይ ያረፈ ብናኝም በሰማይና በብራና ምስል ላይ ጥቁር ነቁጥ ሆኖ ይታያል። እንደ ንፋስ መውጫና አርብ ገበያ ባሉ የአካባቢው ከተሞች ይህን ከፍቶ የሚያጸዳ ባለሙያ ማግኘት አስቸጋሪ ስለሆነ፣ በበጋ አቧራና በክረምት ዝናብ ሜዳ የሚውል የግብርና ወይም የጤና ባለሙያ እንደ ኦሊምፐስ ቲ.ጂ.6 ያለውን፣ ሌንሱ ከውጭ የማይንቀሳቀስና ውኃም አቧራም የማያስገባ ካሜራ ቢመርጥ ይሻለዋል። ሰሌዳው ትንሽ ቢሆንም ቀዳዳው ኤፍ 2 ስለሆነ፣ ወደ ዕቃው እስከ አንድ ሴንቲ ሜትርም ስለሚጠጋ፣ በድንች ቅጠል ላይ ያለን የበሽታ ምልክት ወይም ተባይን ለማሳየት እጅግ የተመቸ ነው። ሪኮው በሰሌዳ ስፋት ከሁሉም ይበልጣል፤ ዙምና ፍላሽ ግን የለውም፤ ለመንገድና ለገበያ ምስል ድንቅ ቢሆንም ለብራና ገጽ ቀዳሚ ምርጫ አይደለም። ለቤተ ክርስቲያንና ለብራና ሥራ የዚህ ጽሑፍ ምርጫ የካኖኑ ጂ7 ኤክስ ማርክ 2 ወይም የሶኒው አር.ኤክስ.100 ሦስተኛ ሞዴል ነው፤ የሁለቱም ቀዳዳ ከኤፍ 1.8 ጀምሮ ሌንሱ ሙሉ በሙሉ ሲረዝም እንኳ ከኤፍ 2.8 አይጠብም።

እነዚህ ካሜራዎች ባብዛኛው የሚገኙት ያገለገሉ ሆነው፣ ከአዲስ አበባ ገበያ ወይም ከውጭ በሚመጣ ዘመድ እጅ ነው። ገዢው ከመክፈሉ በፊት ካሜራውን ደጋግሞ ከፍቶ ሲዘጋ ሌንሱ ሳይንገራገጭ መውጣትና መግባቱን ይይ፤ ነጭ ግድግዳ በጠባብ ቀዳዳ አንስቶ ነቁጥ እንዳለበት ይመርምር፤ የባትሪውን እብጠት ይፈትሽ። ሚሞሪ ካርዱንም እስኪሞላ አንስቶ ምስሎቹ መልሰው መከፈታቸውን ማረጋገጥ አለበት፣ ምክንያቱም የተጻፈበትን ያህል የማይዝ አስመስሎ የተሠራ ካርድ ብዙ ነው። ትክክለኛ 32 ጊጋባይት ካርድ ከባለ 20 ሜጋፒክስል ካሜራ የሚወጡ 1,500 ያህል ጥሬ ፋይሎችን ይይዛል።

ካሜራው ከተገዛ በኋላ ቀኑና ሰዓቱ ይስተካከላል፤ መሣሪያው የሚያውቀው የፈረንጁን አቆጣጠር ስለሆነ ከቀኑ 8 ሰዓት የተነሳው ምስል 14 ሰዓት ተብሎ ይመዘገባልና፣ የኢትዮጵያው ዓመተ ምሕረት፣ የደብሩና የመጽሐፉ ስም በምስሎቹ ማኅደር ላይ ለብቻ ሊጻፍ ይገባል። ብራና ከመነሳቱ በፊት የደብሩ አለቃና የሰበካ ጉባኤው ፈቃድ ይጠየቃል፤ ብራናውም በአዋጅ ቁጥር 209/1992 የሚጠበቅ ቅርስ በመሆኑ ለጥናት ሲሆን የሚመለከተው መሥሪያ ቤት ማወቅ አለበት። ምስሉ ሁለት ቦታ ተገልብጦ አንዱ ቅጂ ለደብሩ ይሰጣል። በቴሌግራም ለሊቃውንት የሚላክ ከሆነም በፎቶነት ሳይሆን በፋይልነት መላክ አለበት፤ በፎቶነት የተላከ ምስል በመንገድ ላይ ስለሚጨመቅ፣ ያ ሁሉ ብርሃን የተለቀመላት ባለ 2 ሚሊ ሜትር ምልክት ተቀባዩ ዘንድ ስትደርስ ላትነበብ ትችላለች።