መሮጥ ለማይችል ታካሚ፦ በመድኃኒት የሚደረግ የልብ ጫና ምርመራ

ከባሕር ወለል ከ2,500 ሜትር በላይ በምትገኘው የባሌ ከተማ ጎባ፣ ዳገት ሲወጡ ደረታቸውን ጨምድዶ የሚይዛቸው፣ ሲያርፉ የሚተዋቸው ሰዎች ልባቸውን የሚመግቡት ቧንቧዎች ጠበው ሊሆን ይችላል። አርፈው የሚነሡት ኢሲጂ (የልብ ኤሌክትሪክ ምርመራ) ግን ጤነኛ ሊመስል ይችላል፤ ጥበቱ የሚጋለጠው ልብ ብዙ ደም ሲፈልግ ነው። ሮበርት ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1963 ያሳተሙት፣ በየ3 ደቂቃው ፍጥነትና ዳገት የሚጨምርበት የትሬድሚል ምርመራ ይህን ለማየት ያስችላል። ጉልበታቸውን የሚያማቸው፣ እግራቸውን ያጡና ስትሮክ የጎዳቸው ግን ይህን አይችሉም። ለእነሱ ጫናውን የሚፈጥረው መድኃኒት ነው።

መድኃኒቶቹ ሁለት ዓይነት ናቸው። ዶቡታሚን ልብ በፍጥነትና በኃይል እንዲመታ ያደርጋል። በደም ሥር ሲሰጥ በየ3 ደቂቃው ከ5 ወደ 10፣ 20፣ 30 እና 40 ማይክሮግራም በኪሎ በደቂቃ ከፍ ይላል። ግቡ ዕድሜ ከ220 ተቀንሶ የሚገኘው ቁጥር 85 በመቶ ነው፤ ለ60 ዓመት ሰው 136 ምት በደቂቃ። ካልተደረሰ አትሮፒን ይጨመራል። ሐኪሙ በኢኮ (በልብ አልትራሳውንድ) ሲመለከት በደንብ መኮማተር ያቃተው የልብ ግድግዳ ደም ያጠረበትን ቦታ ይጠቁማል።

አዴኖሲን፣ ዲፒሪዳሞልና ረጋዴኖሶን ደግሞ ቧንቧዎችን ያሰፋሉ። ጤነኛው ሲሰፋ የጠበበው እኩል አይሰፋም፤ የደም ፍሰቱ ልዩነት በኑክሌር ካሜራ ወይም በኤምአርአይ ይታያል። አስም ላለበት ሰው አዴኖሲንና ዲፒሪዳሞል አደገኛ ናቸው። ቡናም ሥራቸውን ያከሽፋል። የሐረና ጫካ ቡና በሚጠጣበት ባሌ፣ ታካሚው ከምርመራው በፊት ለ24 ሰዓት ቡና፣ ሻይና ኮካ ኮላ እንዲተው፣ በቅቤ የተጠበሰውን ቡና ቀላም እንዳይበላ በግልጽ ሊነገረው ይገባል።

በቅርቡ የልብ ጥቃት የደረሰበት፣ የደም ግፊቱ ያልተረጋጋ ወይም ከባድ የምት መዛባት ያለበት ሰው ለዶቡታሚን አይቀርብም። የልብ ማስነሻ መሣሪያና የመድኃኒቱን ውጤት የሚያረግብ መድኃኒት አጠገብ መኖር አለባቸው።

ለባሌ ይበልጥ የሚስማማው ዶቡታሚን በኢኮ ነው፤ ኑክሌር ካሜራም ሆነ ራዲዮአክቲቭ ቁስ አይፈልግም። ኢኮ በአገራችን ለተስፋፋው የሩማቲክ ልብ በሽታም ያስፈልጋል። አነስተኛ መጠን ያለው ዶቡታሚን፣ ልቡ የደከመ ሰው የአዮርታ ቫልቩ በእርግጥ መጥበቡን ለመለየት ይረዳል። በመደ ወላቡ ዩኒቨርሲቲ ሥር ያለው የጎባ ሪፈራል ሆስፒታል ሐኪሞች የሚሠለጥኑበት ነውና፣ ለዚህ ሙያ ሰው ማብቃት ታካሚውን ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ወደ አዲስ አበባ ከመላክ በፊት ሊታሰብበት የሚገባ ነው።